የመኝታ መብራታችንን የት እናስቀምጣት?



የዛሬው ንግግሬ ስለ መብራት ነው። ስለ ትልቅ መብራት ግን አይደለም። ማታ ስንተኛ ከአጠገባችን ስለምናኖራት ትንሽ መብራት ነው። «ይህ ደግሞ ምን ይወራለታል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ይህች ትንሽ መብራት ደህና ቦታ ስትቀመጥ ታስነብባለች፣ በሽተኛ ታስታምማለች። ክፉ ቦታ ስትቀመጥ ደግሞ ሕፃን ታቃጥላለች፣ ቤት ታወድማለች። ስለዚህ ልንነጋገርባት ይገባል።

ቤታችን ምን ይመስላል?

የብዙዎቻችን ቤት ጠባብ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ሰውም ከብትም የሚያድርበት ቤት አለ። ምድጃው መሀል ላይ ነው። እህሉ በአንድ ጥግ፣ እንስራው በሌላ ጥግ ነው። ከመኝታው መደብ እስከ ጥጃው መታሰሪያ ያለው ርቀት አንድ እርምጃ ቢሆን ነው። ለጠረጴዛ የሚሆን ቦታ ከየት ይመጣል? የለም።

ታዲያ ኩራዟ የት ትቀመጣለች? እስቲ በየቤታችን ያለውን እናስታውስ።

አንዳንዱ ሰው መሬት ላይ ያኖራታል። ሕፃኑ እየዳኸ ይደርስባታል። ጥጃው በእግሩ ይመታታል፤ ላሚቱ በጅራቷ ትጥላታለች።

አንዳንዱ በርጩማ ላይ ያኖራታል። በጠባብ ቤት በርጩማ መንገድ ይዘጋል። ሌሊት የተነሣ ሰው ያደናቅፈዋል።

አንዳንዱ ከመደቡ ጫፍ፣ ከትራሱ አጠገብ ያኖራታል። ይህ ከሁሉም የባሰ ነው። ሌሊት ሕፃን ያለቅሳል። እናት በእንቅልፍ ልቧ ሕፃኑን ስትዳብስ ክንዷ ኩራዟን ይመታል። ላምባው በጋቢው ላይ ይፈሳል። እሳቱ ላምባውን ተከትሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አያስፈልግም።

አንዳንዱ ደግሞ ከምሰሶው ላይ ከፍ አድርጎ በሽቦ ያንጠለጥላታል። ሕፃን አይደርስባትም፤ ይህ ደግ ነው። ነገር ግን የሣር ክዳኑ ቅርብ ነው። የደረቀ ሣር ደግሞ እሳት ለመያዝ ብዙ አይለመንም።

«አባቴም ኩራዙን መሬት ላይ እያኖረ አረጀ፤ ምንም አልሆነም» የሚል ይኖራል። እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እሳት ዘጠና ዘጠኝ ሌሊት ቢምር በመቶኛው ሌሊት ላይምር ይችላል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

መብራቷስ ለምን ታስፈልገናለች?

«እንግዲያው መኝታ አጠገብ መብራት ይቅር» ብንልስ? ይህም አይሆንም። ሕፃን የምታጠባ እናት ብርሃን ያስፈልጋታል። ትኩሳት የያዘውን ልጅ በጨለማ ማስታመም አይቻልም። ሌሊት ከመኝታ የሚወርድ ሰው እባብ ይኑር ጊንጥ ይኑር ሳያይ እግሩን መሬት ላይ ማሳረፍ የለበትም።

ሌላም ምክንያት አለ። እናንተ አሁን ማንበብ ችላችኋል። ማንበብ እንደ ማሳ ነው፤ ዓመት ሙሉ ካልነኩት አረም ይውጠዋል። በ1971 ዓ.ም. በአገራችን ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ብዙ ሰው ፊደል ቆጥሮ ነበር። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ሳይነካ የቀረው ሰው ግን ፊደሉ ጠፍቶበታል። የጠፋበት ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ገበሬ ቀን ቀን ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል። ሴቷም ውሃ ትቀዳለች፣ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች። ለንባብ የሚተርፈው ጊዜ ማታ ነው፤ ማታ ደግሞ ጨለማ ነው። እንግዲህ በየማታው ለሩብ ሰዓት የምታስነብብ መብራት ከሌለን የተማርነው ትምህርት አብሮን አይቆይም።

ሦስት ትእዛዞች

መብራቷን የት እናስቀምጣት? መልሱን በሦስት አጭር ትእዛዞች መያዝ ይቻላል።

አንደኛ፤ እጅ ይድረስባት።
ሁለተኛ፤ ልብስ አይድረስባት።
ሦስተኛ፤ ሕፃን አይድረስባት።

እጅ የሚደርስባት ከሆነች በጨለማ እየዳበስን አንደናቀፍም። ልብስ የማይደርስባት ከሆነች አንሶላና ጋቢ አይቃጠልም። ሕፃን የማይደርስባት ከሆነች እናት ተኝታ ታድራለች። እነዚህን ሦስቱን የሚያሟላው ቦታ መሬቱም አይደለም፣ መደቡም አይደለም፣ ጣሪያውም አይደለም። ግድግዳው ነው። ግድግዳ ደግሞ ቦታ አያጣብብም። በጠባብ ቤት ውስጥ ባዶ የሚቀረው እሱ ነው።

ስለ ብርሃን ጥቂት እንወቅ

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ ብርሃን ሦስት ነገር ልንገራችሁ።

ብርሃን ሲርቅ ቶሎ ይደክማል። መብራቷ ከመጽሐፉ የምትርቅበት ርቀት እጥፍ ሲሆን መጽሐፉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ሩብ ብቻ ይሆናል። አንድ ክንድ ርቃ ደህና ታስነብብ የነበረች መብራት ሁለት ክንድ ስትርቅ ብርሃኗ ከአራት አንድ እጅ ነው። ስለዚህ ብርሃን ያነሰው ሰው ላምባ ከመጨመሩ በፊት ቀረብ ይበል።

ጥቁር ግድግዳ ብርሃን ይውጣል፤ ነጭ ግድግዳ ብርሃን ይመልሳል። ከመብራቷ ጀርባና ከጎኗ ያለውን ግድግዳ በኖራ ወይም በነጭ አፈር ብትቀቡት ቤቱ ያለ ተጨማሪ ወጪ ደመቅ ይላል። ጥቀርሻ ሲይዘው እንደገና ቀቡት።

በቀኝ እጁ የሚጽፍ ሰው መብራቷን በግራው በኩል ያድርጋት። አለዚያ የእጁ ጥላ በሚጽፈው ላይ ያርፋል። በግራው የሚጽፍ ደግሞ በተቃራኒው ያድርግ።

ማስቀመጫውን እንዴት እንሥራ?

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሦስት ዓይነት ማስቀመጫ አለ። ለቤታችሁና ለመብራታችሁ የሚስማማውን ምረጡ።

1. የግድግዳ ጉድጓድ

ይህ ለድንጋይ ቤት ወይም ግድግዳው ወፍራም ለሆነ ቤት ይስማማል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ግድግዳው ሲነሣ ከመደቡ በኩል ትንሽ ጉድጓድ ያስተው። ወርዱ አንድ ስንዝር፣ ቁመቱ ሁለት ስንዝር፣ ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ቢሆን ይበቃል። ወደ ውጭ ግን አይብሳ፤ ነፋስ ይገባል። ውስጡን በጭቃ ልሰናችሁ ነጭ ቀቡት።

ቤቱ ቀድሞ የተሠራ ከሆነ ግን ድንጋይ በዘፈቀደ አትንቀሉ። አንድ ድንጋይ ሌላውን ተሸክሞ ይሆናል። ግንበኛ ጠይቁ።

2. የግድግዳ መደርደሪያ

የብዙዎቻችን ቤት በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ጉድጓድ አይችልም። ለዚህ ቤት መደርደሪያ ይሻላል። የሚያስፈልገው አንድ ስንዝር በአንድ ስንዝር የሆነ ጣውላ፣ ሁለት አጫጭር ደጋፊ እንጨት፣ ሚስማር፣ የቆርቆሮ ቁራጭና በጭድ የተቦካ ጭቃ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሀ. በመጀመሪያ ቦታውን ምረጡ። መደቡ ላይ ተቀመጡና እጃችሁን ወደ ግድግዳው ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉ። እጃችሁ የደረሰበት ከፍታ ልክ ነው። ነገር ግን በትክክል ከትራሱ በላይ አይሁን። ከመደቡ ጫፍ ግማሽ ክንድ ያህል ወደ ውጭ አለፍ ይበል። መብራቷ ብትወድቅ እንኳ መሬት ላይ ትወድቃለች እንጂ በተኛው ሰው ላይ አትወድቅም።

ለ. ወደ ላይ ተመልከቱ። ከመብራቷ ጫፍ እስከ ሣር ክዳኑ ቢያንስ አንድ ሜትር መኖር አለበት። ከዚያ ካነሰ ሌላ ቦታ ፈልጉ። በአጠገቡም መጋረጃ ወይም የተሰቀለ ልብስ አይኑር።

ሐ. በግድግዳው ውስጥ ያለውን ቋሚ እንጨት በእጃችሁ አንኳኩታችሁ አግኙት። ጣውላውን በቋሚው ላይ በሚስማር ምቱት። በጭቃው ላይ ብቻ የተመታ ሚስማር ውሎ አድሮ ይወልቃል። ሁለቱን ደጋፊዎች ከጣውላው ሥር ሰያፍ አድርጋችሁ ወደ ግድግዳው አስደግፉና ምቱ።

መ. ጣውላውን በቆርቆሮ ሸፍኑት። የቆርቆሮውን ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ እጠፉት። ይህ ጠርዝ መብራቷን ከመንሸራተት ይጠብቃታል። ሹል ጫፉን ቀጥቅጡት፤ እጅ እንዳይቆርጥ። ሌላ የቆርቆሮ ቁራጭ ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ምቱ። የሚያብለጨልጭ ከሆነ ብርሃኑን ወደ እናንተ ይመልሰዋል።

ሠ. የተጋለጠውን እንጨት ሁሉ በጭቃ ልሰኑት። እስኪደርቅ ጠብቁ።

ረ. መብራቷን ከማስቀመጣችሁ በፊት ፈትኑት። ውሃ የሞላ ትልቅ ጣሳ አስቀምጡበትና አንድ ሌሊት ይደር። ጠዋት ካልተነቃነቀ ጥሩ ነው። ከተነቃነቀ አጠንክሩት።

ሰ. ከመደርደሪያው አጠገብ ትንሽ ጣሳ ምቱና ክብሪቱን እዚያ አኑሩ። ቦታው አንድ ከሆነ በጨለማም ቢሆን እጅ አይስተውም።

ኩራዝ የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ሰፋ ያለ ጣሳ ውሰዱና ግማሹን አሸዋ ሙሉበት። ኩራዟን መሀሉ ላይ ትከሏት። እንዲህ ስታደርጉ በቀላሉ አትገለበጥም፤ ላምባ ቢፈስም አሸዋው ይመጠዋል።

3. ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ገመድ

ይህ እሳት ለሌለው መብራት ብቻ ነው። በፀሐይ ኃይል ለሚሠራ መብራት ወይም ለእጅ ባትሪ ማለት ነው። ኩራዝና ፋኖስ በፍጹም እንዲህ አይሰቀልም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከመደቡ በላይ ባለው አግዳሚ እንጨት ላይ የሽቦ ቀለበት እሰሩ። ጠንካራ ሲባጎ በቀለበቱ ውስጥ አሳልፉ። በአንዱ ጫፍ መብራቱን አንጠልጥሉ። ሌላውን ጫፍ እጃችሁ በሚደርስበት ቦታ ግድግዳው ላይ በተመታ ሚስማር ጠምጥሙት። ሲባጎውን ስትስቡት መብራቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቤቱን ሁሉ ያበራል። ስትለቁት ወደ ታች ይወርዳል፤ መጽሐፋችሁን ያበራል። አንዱ መብራት የሁለት መብራት ሥራ ሠራ ማለት ነው። ትርፉን ሲባጎ ግን ከፍ አድርጋችሁ ጠቅልሉት። ሕፃን በአንገቱ እንዳያጠልቀው ያስፈራል።

ስለ ፀሐይ መብራት

የፀሐይ መብራት እንዴት ይሠራል? ትንሽ ሰሌዳ አለው። ቀን ፀሐይ ሰሌዳውን ስትመታው ኮረንቲ ይፈጠራል። ኮረንቲው በባትሪው ውስጥ ይጠራቀማል። ማታ ከባትሪው ወጥቶ ያበራል። ክር የለውም፣ ጭስ የለውም፣ ነበልባል የለውም። ጥቂት ኮረንቲ ይበቃዋል፤ ምክንያቱም አምፖሉ እንደ ድሮው አምፖል ሽቦ አግሎ የሚያበራ አይደለም። ለዚህ ዓይነቱ ነጭ ብርሃን መንገድ የከፈቱ ሦስት የጃፓን ተወላጅ ሊቃውንት፣ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል።

አያያዙ እንዲህ ነው። ሰሌዳውን ቀኑን ሙሉ ጥላ የማያርፍበት ቦታ አኑሩት። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። በክረምት ደመና ስለሚበዛ የሚጠራቀመው ኮረንቲ ያንሳል፤ ያን ጊዜ መብራቱን ለሚያስፈልገው ሥራ ብቻ አብሩት። ባትሪ ያለበትን ነገር ከምድጃ አርቁት፤ ያለቀ ባትሪም እሳት ውስጥ አትጣሉ፤ ይፈነዳል። ስትገዙ ከመግዛታችሁ በፊት አብርታችሁ እዩት። የዋስትና ወረቀት ካለው ጠይቁ፤ ወረቀቱንም ራሳችሁ አንብቡት። ማንበብ የቻላችሁት ለዚህ አይደለም እንዴ?

«ዋጋው ይከብዳል» ትሉ ይሆናል። እስቲ እናስላው። በሳምንት ግማሽ ሊትር ላምባ የሚያነድ ቤት አለ እንበል። በዓመት 52 ሳምንት አለ። የ52 ግማሽ 26 ነው። ይህ ቤት በዓመት 26 ሊትር ላምባ ያነዳል። አንዱ ሊትር በገበያችሁ ስንት ብር ነው? በ26 አባዙት። የክብሪቱንም ጨምሩ። ከዚያ ያገኛችሁትን ከመብራቱ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ሒሳቡን ባልና ሚስት አብረው ቢሠሩት ይመረጣል።

ኮረንቲ የገባለት ቤት ደግሞ አምፖሉን ከመኝታው ጎን ግድግዳው ላይ ያድርግ። የተላጠ ሽቦ አይጠቀም፣ አምፖሉ ላይ ልብስ አይስቀል። ሽቦውን የሚዘረጋው ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይሁን።

ላምባ የሚያነድ ሰው ይጠንቀቅ

የፀሐይ መብራት እስክንገዛ ድረስ በላምባ የምንጠቀም ብዙ ነን። ስለዚህ እነዚህን እናስታውስ።

ኩራዝ እየነደደች ላምባ አትጨምሩባት። አጥፉ፣ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ ቅዱ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። በላምባ የቸኮለ ግን የሚለቅመውም አያገኝ።

ላምባ ከቤንዚን ጋር አይቀላቀል። ቤንዚን የነካው ላምባ ይፈነዳል። ሽታው የተለየባችሁን ላምባ አታንድዱ።

ክሩን በልክ አድርጉት። የበዛ ክር ጭስ እንጂ ብርሃን አይጨምርም። ጭሱ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ስትተኙ አጥፏት።

ላምባን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። የጠጣ ልጅ ካለ እንዲያስታውከው አታድርጉ፤ ሲያስታውክ ላምባው ወደ ሳንባው ይገባል። ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ላምባ ፈስሶ ሲነድ ውሃ አትድፉበት፤ ነበልባሉን ይበትነዋል። አፈር ወይም አሸዋ አልብሱት። የሰው ልብስ ሲነድ ሰውየው አይሩጥ፤ ሩጫ እሳቱን ያባብሰዋል። መሬት ላይ ይንከባለል፤ እናንተም በወፍራም ብርድ ልብስ አፍኑት።

የተቃጠለውን ገላ ወዲያው በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል እያፈሰሳችሁ አቀዝቅዙት። ቅቤ፣ ጭቃ፣ እበት፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ። ከገላው ጋር የተጣበቀ ልብስ ካለ አትላጡት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፤

ንግግሬን ልጨርስ ነው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ መደባችሁ ላይ ተቀመጡ። ኩራዛችሁ የት እንዳለች ተመልከቱ። ሦስቱን ትእዛዞች አስቡ። እጅ ይደርስባታል? ልብስ ይደርስባታል? ሕፃን ይደርስባታል? መልሱ ካላማራችሁ ነገ ሚስማርና ጣውላ ፈልጉ። ሥራው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አቅም ላጣ ጎረቤትና ብቻውን ለሚኖር አረጋዊ ደግሞ አብራችሁ ሥሩለት። የአንዱ ሣር ክዳን ሲነድ የጎረቤቱ ክዳን ሩቅ አይደለም።

ሥራው ሲያልቅ መብራቷን አብሩ፣ መጽሐፋችሁን ግለጡ፣ አንድ ገጽ አንብቡ። ከዚያ አጥፉና በሰላም ተኙ።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. የመኝታ መብራት ሦስቱ ትእዛዞች ምን ምን ናቸው?
2. መብራት ከመጽሐፍ የምትርቅበት ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ምን ይሆናል?
3. ኩራዝ በገመድ ከመደብ በላይ የማይሰቀለው ለምንድን ነው?
4. ላምባ ለጠጣ ልጅ ምን ማድረግ ይገባል? ምንስ ማድረግ አይገባም?
5. ቤታችሁ በአንድ ዓመት ስንት ሊትር ላምባ ያነዳል? ዋጋውን አስሉና በደብተራችሁ ጻፉ።